ከበርበሬው ማዳበሪያ ሥር ያሉት መጻሕፍት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሐይቅ ከተማ ነው የመጣው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«እንደምን ከረምሽ እትዬ? ሐይቅ ነው የምኖረው። ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የእህቴን ልጅ እያሳደግኩ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። እናቷ አምና ሰኔ ላይ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ አረፈችብን። አባቷ ሳውዲ ነው፤ ይደውላል፣ ሲመቸው ይልካል። እናቴም ከእኛ ጋር ናት።

«ልጅቷ ሥራ አትሰንፍም። እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት። ያስቸገረኝ ንባቧ ነው። የምታነበው አንድ ዓይነት ልብወለድ ብቻ ነው። እናት የሞተችበት፣ አባት የጠፋበት፣ ልጆች ብቻቸውን የቀሩበት። ከጓደኞቿ ትዋሳለች፤ ያጣችውን ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ታወርዳለች። ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና በስልክ መብራት ታነባለች። ሲነጋ ዓይኗ አብጦ ነው የምትነሳው። አንድ ቀን ‹ምን ያስለቅስሻል?› ስላት ‹የመጽሐፉ ልጅ እናቱ ልትሞትበት ነው› አለችኝ። ደነገጥኩ። ሐዘን በሐዘን ላይ መጥራት አይሆንም? እናቴም ‹ሟርት ነው› አለች። ደግሞ እናቴን ‹በሰባ ሰባት እንዴት ተረፋችሁ?› እያለች ትጠይቃታለች። እናቴ ዝም ትላለች።

«ባለፈው ሳምንት አራት መጽሐፍ ቀማኋት። ሱቅ ውስጥ ከበርበሬው ማዳበሪያ ሥር ደበቅኳቸው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ‹መደበቅ ለምደሻል› ብላኝ ሄደች። የእናቷን መርዶ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋ እስኪያልቅ ዘጠኝ ቀን ደብቀናት ስለነበር መሰለኝ። ‹እየተሻላት ነው› እያልናት ጎረቤት ሆና ታጠና ነበር። ለእሷው ብለን ነው። መጽሐፉን መከልከሌ ልክ ነው ወይስ ተሳሳትኩ?
አክስቷ»

አብሽሪ እህት ዓለም። የእህትሽን ልጅ ተቀብለሽ፣ እናትሽን ጦረሽ፣ ሱቅሽን ይዘሽ፣ ሌሊት ደግሞ ልጅቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ምን እንደምታደርግ ሳይቀር ታያለሽ። ይህን የምታይ አክስት ያላት ልጅ ሰው አላጣችም።

የጠየቅሽኝ መልሱ አጭር ነው። መጽሐፎቹን ዛሬውኑ አውጥተሽ ስጫት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ባደረግሻት ነገር ላይ ነው።

ትንሽ ልቀልድብሽና ልግባ። ሐይቅ ተቀምጦ መጽሐፍ መፍራት! በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ሲያስተምሩ፣ መጽሐፍ ሲያስጽፉ የኖሩበት አገር እኮ ነው። ያ ሁሉ ብራና በተፋቀበት አገር አራት ልብወለድ በርበሬ ሥር ታሰረ። እሺ፣ ይብቃኝ።

«መደበቅ ለምደሻል።» ደብዳቤሽን አስቀምጬ ቡና አፍልቼ ተመለስኩ፤ ቃሉ አሁንም እዚያው ነው። በሁለት ቃል የዘጠኝ ቀን ክስ አቀረበችብሽ። አንቺም እንደገባሽ ያስታውቃል፤ «መሰለኝ» ብለሽ አለፍሽው እንጂ።

መርዶ መደበቅ አንቺ ያመጣሽው ነገር አይደለም። ፈተና ላይ ላለ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ ዝም ተብሎ አይነገርም። ፈተናው ይለፍ፣ ትገላገል፣ አራስነቷን ትጨርስ ይባላል። ዘመድ ይመካከራል። የሚናገረው ሰው ይመረጣል። ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። ከክፋት የመጣ ልማድ አይደለም፤ እኔም ለሌላ ሰው አድርጌዋለሁ። ግን የተደበቀበት ሰው በኋላ ቀኖቹን አንድ በአንድ እንደሚቆጥራቸው አውቃለሁ። እኔም ቆጥሬያለሁ።

ደሴ ነው ያደግኩት፣ ሆጤ አካባቢ። አባቴ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ያኔ መኪናው ሁሉ ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ ይወርዳል። 1979 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንዴ ሄዶ ቆየ። «አሰብ ነው፣ ጭነት ጠፍቶ ነው» አሉኝ። አሁንም ቆየ። «መኪናው ተበላሽቶ ነው» አሉኝ። እናቴ ጥቁር አልለበሰችም። እኛ ደጅ ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶውን ኩታበር አጎቴ ቤት አድርገውት ኖሯል። ቤታችን ውስጥ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ ሻሿን አታወልቅም። ቀንም አታወልቅም፣ ስትተኛም አታወልቅም።

አንድ ሌሊት አጠገቧ ተኝቼ ሻሹ ሸተት አለ። እንደ ልማዴ እጄን ሰደድኩ። ጸጉሯ የለም። ጫፉን እየጎነጎንኩ እንቅልፍ የሚወስደኝ ጸጉር ተላጭቷል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብሆንም የሴት ጸጉር መቼ እንደሚላጭ አውቃለሁ። ሻሹን ቀስ ብዬ መለስኩላት። ጠዋት ቁርሴን በልቼ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኩ። እንዳወቅኩ እንዳያውቁብኝ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እነሱ ከእኔ ደበቁ፣ እኔም ከእነሱ ደበቅኩ።

በኋላ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ስማር ከቤተ መጻሕፍት ልብወለድ ስዋስ ከመጨረሻው ገጽ ነበር የምጀምረው። አባትየው ይሞት እንደሆነ አይቼ፣ ከሞተ እወስደዋለሁ፤ ካልሞተ እመልሰዋለሁ። መጽሐፍ የሚያድለው ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ ሰኞ ገበያ ዶሮ እንደምትመርጥ ሴት ታገላብጫለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው የምፈልገው አንድ ገጽ ነው፤ ለልጁ የሚነገርበትን ገጽ። ማን ነገረው? ቁጭ ብሎ ነው ቆሞ? ምን ብሎ ጀመረ? ልጁስ መጀመሪያ ያለው ነገር ምንድን ነው? እኔ ያ ገጽ ጎድሎኝ ነበር፤ በሰው መጽሐፍ ስፈልገው ኖርኩ።

ልጅሽም ይህንኑ ገጽ እየፈለገች ይመስለኛል።

የመጽሐፎቹን ስም አልጻፍሽልኝም። ያ «እናቱ ልትሞትበት ነው» ያለችሽ ግን «ኤ ሞንስተር ኮልስ» ሳይሆን አይቀርም፤ በእኛ ቋንቋ «ጭራቅ ሲጣራ» ብንለው ያስኬዳል። ፓትሪክ ነስ የሚባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ነው። ነገሩን የጠነሰሰችው ግን ሲቮን ዳውድ የምትባል ሌላ ደራሲ ናት። ሳትጽፈው በ2007 በጡት ካንሰር ሞተች፤ እሱ ተቀብሎ ጻፈው። ታሪኩ ኮነር ስለሚባል የ13 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ በካንሰር ታማለች። አያቱም አባቱም ዙሪያውን ይሽከረከሩበታል፤ የሚነግረው ግን የለም። እናቱም አዲስ መድኃኒት በተጀመረ ቁጥር ይሻለኛል ትላለች። እሱም ይሻላታል ይላል። እኩለ ሌሊት ሰባት ደቂቃ ሲያልፍ ከቤታቸው ጀርባ ያለው ዛፍ ተነሥቶ ጭራቅ ሆኖ ይመጣበታል። ጭራቁ አይበላውም። ሦስት ተረት እነግርሃለሁ፣ አራተኛውን አንተ ትነግረኛለህ ይለዋል። አራተኛው ግን ተረት አይደለም፤ ልጁ ለማንም ያልተናገረው እውነት ነው። ምን መሰለሽ? ደክሞታል። ያ ሁሉ ጭንቅ ባለቀልኝ ብሎ ተመኝቷል። ጭንቁ ሲያልቅ እናቱም እንደምታልቅ ያውቃል። እና ራሱን እንደ ገዳይ ይቆጥራል።

አሁን ወደ አምና ሰኔ እንመለስ። እናቷ ከተቀበረች በኋላ ልጅሽ ፈተና ተቀምጣለች። ሒሳቡ ቀንቷት ደስ ብሏት ወጥታ ይሆናል። ከጓደኞቿ ጋር መልስ እያመሳከረች ስቃ ይሆናል። መንገድ ላይ ሳምቡሳ ገዝታ በልታ ይሆናል። «ለእማዬ ቀላል ነበር እላታለሁ» ብላም ይሆናል። ያን ጊዜ እናቷ አፈር ከገባች ቀናት አልፈዋል። አንቺ ፈተናዋን አተረፍሽላት። እሷ ግን ያንን ሳቅ ምን ታድርገው? የት ትጣለው?

ይህን ለአንቺ ለመንገር አፍ ያስፈልጋታል፤ አሥራ አምስት ዓመት ላይ ያ አፍ የለም። መጽሐፉ ግን እሷ ሳትናገር ቀድሞ ይነግራታል። ኮነር የሚባል፣ አገሯን የማያውቅ ልጅ ከእሷ የባሰ ነገር አስቦ ታገኘዋለች። ዓይኗ የሚያብጠው ለዚህ ነው። ተስማሚ እንባ ነው እኅቴ፤ ለዘጠኙ ቀን የዘገየ።

ሌላም ልንገርሽ። ቤንጃሚን ዜፋናያ የሚባል እንግሊዛዊ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ2001 «ሪፊዩጂ ቦይ» የሚል ልብወለድ አሳትሟል፤ ስደተኛው ልጅ እንደማለት። ዋናው ባለታሪክ የኛው ልጅ ነው፤ ዓለም ኬሎ ይባላል። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። በሁለቱ አገሮች ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ እዚህም እዚያም መኖር ሲያቅተው፣ አባትየው ልጁን ለእረፍት ነው ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ሆቴል ውስጥ ሲነቃ አባቱ የለም። ደብዳቤ ትቶለት ሄዷል። ለልጁ ብሎ ነው፤ እንደ አንቺው። ዓለም አባቱ እንደሚወደው አንድም ቀን አይጠራጠርም። ያቺ ጠዋት ግን አብራው ትኖራለች። ልጅሽም ፍቅርሽን አትጠራጠርም ለማለት ነው። ብትጠራጠር ኖሮ «መደበቅ ለምደሻል» አትልሽም ነበር፤ ዝም ትልሽ ነበር።

ሐዘን መጥራት ነው ወይ ላልሽው፣ እኛ እኮ ሐዘን የሚጠራ ባለሙያ የነበረን ሰዎች ነን። አልቃሿን አስቢ። የሟቹን ስም፣ ሙያውን፣ አረማመዱን፣ ማንን ትቶ እንደሄደ ጠያይቃ ሙሾ ታወርዳለች። ለቀስተኛው ደረቱን እየመታ ያለቅሳል። ለማን ነው የሚያለቅሰው? ለቅሶ ቤት ሁሉም የሚያለቅሰው የየራሱን ነው። የሌላው ሰው ሞት በግጥም ሲመጣ የራሱ ሟች ትዝ ይለዋል፤ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ንፍሮውን በልቶ ቤቱ ይገባል። ልብወለዱም ለልጅሽ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እኛ ልጆችን ከለቅሶ ቤት እናርቃቸዋለን። ጎረቤት ሄዳችሁ ተጫወቱ እንላለን። ሙሾው ሳይደርሳቸው ያድጋሉ፤ በኋላ በፒዲኤፍ ያወርዱታል።

ለአባቴ ኩታበር ላይ የወረደውን ሙሾ የሰማሁት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነው። አክስቴ ቡና እየጠጣን፣ ምንም ሳታስብ፣ ጣል አደረገችው፦

መንገደኛ መስሎኝ ስንቅ ስቋጥርለት፣
ለካ የሄደበት መመለሻ የለት።

ጀበናውን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ። አባቴ በ1979 ነው የሞተው፤ እኔ ያለቀስኩት ግን ያን ቀን ነው።

ሁሉም መጽሐፍ አንድ ነው ግን አልልሽም። ሞትን እንደ በርበሬ የሚነሰንሱ አሉ። እናትየው ገጽ ሦስት ላይ ትሞታለች፣ ገጽ አሥር ላይ ልጅቷ ሀብታም ወዳጅ አግኝታ ይረሳል። ራስን ማጥፋትን እንደ ቆንጆ መሰናበቻ የሚያሳዩም አሉ፤ እነዚህን ካየሽ አብረሻት ተነጋገሪባቸው እንጂ ብቻዋን አትተያት። እኔ መጽሐፍ የምለካበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከቀብሩ ማግስት ምሳ ማን ሠራ? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ ጥሩ መጽሐፍ ነው። የማይመልሰው ሞትን አያውቀውም።

ካናዳዊቷ ዴቦራ ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው «ዘ ብሬድዊነር» ይመልሰዋል። ፓኪስታን ያሉ የአፍጋን ስደተኞች መጠለያዎች ሄዳ ሴቶችንና ልጆችን ካነጋገረች በኋላ የጻፈችው ነው። ታሊባን ካቡልን ይዟል፤ ሴት ብቻዋን ደጅ አትወጣም። የፓርቫና አባት ይታሰራል። ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ ይጠፋል። ፓርቫና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጸጉሯን ይቆርጡታል፣ የሞተውን ወንድሟን ልብስ ታጠልቃለች፣ ወንድ መስላ ገበያ ትወጣለች። ሥራዋ ምን መሰለሽ? ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ። መጽሐፉ ስለ ሐዘን ብዙ አያወራም። ስለ ዳቦ፣ ስለ ውሃ፣ ባልዲው ስንት ጊዜ ተሞልቶ ስንት ደረጃ እንደሚወጣ ነው የሚያወራው። እንግሊዝኛውም ቀላል ነው፤ ካላነበበችው ፈልጊላት።

አንቺም እኮ ሳታውቂው ጽፈሽልኛል። «እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት።» ምሳውን ማን እንደሠራ ነገርሽኝ። ያቺ ልጅ እንዲህ ያለ ልብወለድ ውስጥ እየኖረች፣ ማታ ማታ ሌላው እንዴት እንደኖረው ማየት አምሯታል። ማሰሻውን ስትይዝ እናቷ የያዘችበትን ቦታ ነው የምትይዘው። ይህን ደግሞ አንድም ቀን «አይዞሽ፣ አያለሁ» አላልሻትም ይሆናል። በያት።

ወደ እናትሽ ልምጣ። «በሰባ ሰባት እንዴት ተረፋችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ሟርት ማለት ይከብደኛል። ወሎ ውስጥ የስልሳ ስድስቱንም የሰባ ሰባቱንም ያዩ እናቶች ዛሬም አሉ። በጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈውን ምስል የዓለም ሕዝብ አይቶ አልቅሷል። ዓለም ያየውን የልጅ ልጃቸው ከአያቷ አፍ አልሰማችም። ከዚያ ደግሞ ሰፈራው መጣ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ብዙው የወሎ ሰው፣ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ ተጫነ። ባል በአንዱ መኪና፣ ሚስት በሌላው የሄዱበት ቤት አለ። እናትሽ ዝም ሲሉ ማንን እያሰቡ እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም። ዝም የማለት መብት አላቸው፤ በጭራሽ አታስገድዷቸው። ልጅቷንም ግን አትቆጫት። ጥያቄዋን አስተውዪ፤ «እንዴት ተረፋችሁ» ነው ያለችው። የመትረፍን ዘዴ የምታውቅ ሴት አጠገቧ ተቀምጣለች።

ጥያቄው ይነስ። «ማን ሞተባችሁ» ከባድ ነው። «ምን በላችሁ?» ግን ይቀላል። በለስ ይሉ ይሆናል፣ ሳማ ይሉ ይሆናል፣ «የእንትና እናት እፍኝ ሽምብራ ሰጠችን» ይሉ ይሆናል። ሽምብራ ከተነሣ ሌላው ራሱ ይከተላል። ካልተከተለም ሽምብራው ይበቃል።

አንድ ነገር ሞክሪ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና ሲፈላ ልጅቷ ከምታነባቸው አንዱን በአማርኛ ታውራላችሁ። እንደ ተረት። እንግሊዝኛው ላንቺ ቢከብድም ለእሷ መተርጎም ጥሩ ልምምድ ነው፤ የቋንቋ መምህሯ ይመርቅሻል። አቦሉ ላይ ትጀምር፣ በረካ ላይ ታቁም፣ የቀረው ለሳምንት ይደር። ፓርቫና ነገ ገበያ ምን እንደሚገጥማት ሳይሰሙ ከሚያድሩት አንዷ እናትሽ ይሆናሉ። «ሟርት» ያሉት ሴትዮ «ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» ብለው ሲጠይቁ እንዳትስቂባቸው።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። ያንን ገጽ ልጅሽ ከመጽሐፍ ሳይሆን ካንቺ ነው መስማት ያለባት። አንድ ዓመት ዘግይቷል ብለሽ አትተይው። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ነይ ላናግርሽ» አትበያት፤ እንዲህ ያለ ጥሪ ልጅ ያስደነግጣል፣ እሷ ደግሞ እንዲህ ተጠርታ የሰማችውን ታውቃለች። እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ሁኚ። ምጣድ ፊት ሰው ዓይን ለዓይን አይተያይም፤ ጭሱም እንባን ይደብቃል። ይህ አንዱ መደበቅ ይፈቀድልሻል።

እናቷ በስንት ሰዓት እንዳረፈች ንገሪያት። አጠገቧ ማን እንደነበረ። መጨረሻ ላይ ምን እንደበላች፣ ምን እንዳለች። የልጅቷን ስም ጠርታ ከነበረ ንገሪያት፤ ካልጠራች ግን ደስ ይበላት ብለሽ አትጨምሪ፤ ትነቃብሻለች። የት እንደተቀበረች፣ ማን ማን እንደመጣ፣ ሙሾ ወርዶ ከነበረ የምታስታውሺውን ንገሪያት። ከዚያ «ዘጠኝ ቀን ደበቅንሽ፤ ይቅርታ» በያት። «ለአንቺ ብለን ነው» የሚለውን ተይው። ያንን ታውቀዋለች፤ እሱን ካልሻት ደግሞ መቆጣት አትችልም። ትቆጣ። ብትጮህብሽ ማዳመጥ ነው። ብታለቅስ ቶሎ «በቃ፣ በቃ» አትበያት። አንድ ሁለት እንጀራ ቢያርር ይረር።

መቃብሯ ጋ መሄድ ከፈለገች ውሰጃት። አባቷም ከሳውዲ ሲደውል ስለ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቷ አንድ ነገር ያውራት፤ እንዴት እንደተገናኙ ይንገራት። ሲያስቀና የነበረ ነገር አይጠፋውም።

የሚያሰጋው መቼ ነው? መብላት ከተወች፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ትምህርቷን ከጣለች፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» ካለች ወይም የምትወደውን ዕቃዋን ለሰው ማደል ከጀመረች መጽሐፍም ምክርም አይጠብቁም። ያኔውኑ ደሴ ይዘሻት ውጪ፤ ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ጸበሉም ዱዓውም ከሐኪሙ ጋር ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም። ከደብዳቤሽ ግን እዚያ የደረሰች አይመስለኝም። ሥራዋን የምትሠራ፣ የምትመልስ፣ የምትጠይቅ ልጅ ናት።

ብርድ ልብስ ውስጥ በስልክ ማንበቡን ግን አልወደድኩትም። ዓይኗን ያደክማል፣ እንቅልፏንም ይጎዳል። አምፖሉን አብርታ ታንብብ፣ አራት ሰዓት ላይ ትዝጋ። መብራት ሲጠፋ ሻማ አታንሽባት፤ የሱቅ ባለቤት ነሽ፣ አንድ ሻማ አያከስርሽም።

አንዱን መጽሐፍ ደግሞ አንቺም ጀምሪው። ጊዜ የለኝም ትይኝ ይሆናል። እኔም ሱቅ ነበረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዝንብ በቀር ደንበኛ እንደሌለ አውቃለሁ። ያልገባሽን ቃል አስምረሽ ማታ ጠይቂያት።

መጽሐፎቹን ስትመልሺላት ንግግር አታብዢ። ምጣዱ አጠገብ አስቀምጪላትና የመርዶውን ነገር ጀምሪ። አሁን ግን ፈጥነሽ ከዚያ ማዳበሪያ ሥር አውጫቸው፤ በርበሬ ወረቀት ውስጥ ከገባ ሽታው አይለቅም። ጧት ፀሐይ ላይ ገለጥ ገለጥ አድርገሽ አስጫቸው። ሌሊት ስታነብ ዓይኗን እንዳያቃጥላት።